የሐርቡሌ ድብልቅ አፈር

ትርንጎ ጨው ከተወች ቆይታለች። በርበሬም፣ ሎሚም፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ። ሠርግ ስትጠራ ያለ ጨው የተሠራች አልጫዋን በሳህን ቋጥራ ነው የምትሄደው፤ አሳላፊዎቹም ለምደዋታል፣ «ቀማሿ መጣች፣ ጠጋ በሉላት» ብለው ጥግ ያስቀምጧታል። ትኩስ ነገር ክልክሏ ነው። አንድ ጊዜ ብርዱ አስቸግሯት ሾርባ ጎንጭታ ምላሷ ቢላጥ፣ ከሥራ ከመባረር ለጥቂት ተርፋለች። ምላሷ የራሷ አይደለማ! የቀጠራት የአፈር ጣቢያ ነው። በየወሩ ይመረመራል፤ የደነዘዘ ቀን ምላሷም እሷም አብረው ይሰናበታሉ።

ሥራዋ አፈር መቅመስ ነው። «አፈር ብላ» ስድብ በነበረበት አገር አፈር ለመብላት ሰው ይቀጠራል ወይ ብለው የቀለዱ የድሮ ሰዎች ነበሩ። እነሱም አፈር ገቡ፣ ቀልዱም አብሯቸው ተቀበረ። ዛሬ ቀማሽ ስታልፍ ሽማግሌ ሳይቀር ብድግ ይላል።

ምን ያድርግ! ደጋው ተገፎ አልቋል። አያት ቅድመ አያት ዛፉን ማገዶ፣ ዳገቱን እርሻ አደረገው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ቁልቁል ወደ ሐርቡሌ ሐይቅ ሰደደው። ሐይቁም ዋጠ፣ ዋጠ፣ በመጨረሻ ሞላና አረፈው። ውሃው ተነነ፣ ጭቃው ደረቀ። ላይ ድንጋይ፣ ታች አፈር ሆኖ ቁጭ አለ። አሁን ሾፌር የሌላቸው መኪኖች ያንን አፈር ከሐይቁ ወለል እየጫኑ፣ ዳገቱን እያቃሰቱ ወደመጣበት ይመልሱታል።

ሰላምታው ራሱ ተለውጧል። ድሮ «ከብቱ፣ ልጆቹ ደኅና?» ይል የነበረ ሰው አሁን መጀመሪያ «አፈራችሁ ገባ?» ነው የሚለው። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ከመቆጠሩ በፊት የአፈሩ ጥልቀት ይጠየቃል፤ «ማረሻ ይውጣል ወይስ ያንሸራትታል?» ይባላል። አፈር ያልደረሰው መንደር ሬሳውን ድንጋይ ይከምርበታል፣ እዚያ ልቅሶ ቤት ገብቶ «አፈሩ ይቅለለው» ማለት ነውር ነው። ጊዜው ደርሶ አፈር ያላገኘ መንደር ደግሞ ይታጠፋል። ቃሉ እንዲያ ነው፣ «ይታጠፋል»። ስሙ ከካርታ ይነሳል፣ ሰዉ ሜዳው ላይ ወደተገተሩት ፎቆች ይወሰዳል፤ እዚያ አሮጊቶች በአሳንሰር እየወጡ መሬት የት እንደገባ ይጠይቃሉ።

ለየመንደሩ የሚመለሰው የገዛ አፈሩ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚለየው ማሽን ነበር፤ ማሽኑ «የእነ እገሌ ነው» ሲል ሌላው «ውሸት ነው» እያለ ስንቱ በዱላ ተፈነካከተ። በኋላ የየመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና፣ ማሽን አይምልም፣ ሰው ግን ይምላል፤ አፈሩን በአፉ ይዞ የማለ ሰው ያለውን እንቀበላለን አሉ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ስም መጥራቱን ትቶ አጋዥ፣ ፍርዱ የአፍ ሆነ። ቀማሽ አፈሩን ምላሷ ላይ አድርጋ፣ ሳትተፋ የመንደሩን ስም ትጠራለች። ያለ ባለቤቱ የተሰጠ አፈር ከተገኘ፣ ምንም ይብቀልበት ምን፣ እስከ ድንጋዩ ተገፎ ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው።

ሐይቅ ታዲያ አፈር ሲያስቀምጥ እንደ ጎተራ እህል ለይቶ አይደለም። ክረምት ወንዙ ቡናማ ጎርፍ ይዞ ይገባል፤ ከባዱ አሸዋ አፉ ላይ ይቀራል፣ ልሙ ራቅ ብሎ ይተኛል። በጋ ሲሆን ፀሐይ ውሃውን ትመጠዋለች፣ ያን ጊዜ ሐይቁ ከራሱ ውስጥ ነጭ ያወጣል፤ ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ እንደሚይዘው ማለት ነው። ቡናማ፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ነጭ እያለ ይደራረባል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና የድሮ እሳተ ገሞራ አመድም መሀል መሀል ይገባል። ወንዙ ወደ ጥልቁ በሚገባበት በኩል ቡናማው ንጹሕ ሆኖ ይከማቻል። ወንዙ ዝቅ ባለው ዳርቻ በሚገባበት በኩል ግን ነፋስ ያምሰዋል። ሐይቁ በሸሸ ዓመት ደግሞ ጎርፉ የድሮውን ነጭ ዳርቻ እየቦረቦረ ከደጋው አፈር ጋር ይዞት ይወርዳል፣ ሁለቱ ተቦክተው አንድ ይሆናሉ። ድብልቅ የሚሉት ይህን ነው። ነጩ ኖራ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሐይቁ ሊደርቅ ሲል የጣለው መራራ ጨው አብሮት አለ፣ ከብት የሚልሰው ዓይነት። ይህን መራራ ማሽኑም ዓይንም አይለዩትም፣ ምላስን ግን ጠርዙ ላይ ይቆነጥጠዋል። አፈሩ ድብልቅ የተባለበት መንደር አፈሩ ይጣላል፣ መንደሩ ይታጠፋል።

ትርንጎ የዋርካ ሜዳ ልጅ ናት። ቀማሽ የትውልድ መንደሯን አትቅመስ የሚል ደንብ የለም፤ እንዲያውም «የእናቷን ደጅ አፈር ከልጅ በላይ ማን ያውቃል!» ተብሎ እንደ ቁም ነገር ይቆጠራል። እናም ዓምና ግንቦት ላይ የዋርካ ሜዳና የጎረቤቱ የበረት አፋፍ ተራ ሲደርስ፣ ሁለቱንም እንድትቀምስ የተመደበችው እሷ ነበረች። መንደሮቹ ሸለቆ ለይቷቸው ማዶ ለማዶ ይተያያሉ። ጅረታቸው ግን የየራሳቸው ነው፤ ወደ ሐይቁም የሚገቡት በየፊናቸው ነው፣ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። ሐይቁ ደርቆ ዱካቸው ስለጠፋ ግን የትኛው በየት እንደገባ የሚቆርጠው ምላስ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ወንድሟ አበጀ ደወለላት።

«ትርንጎዬ፣ አፈር ስሆን» አላት። «ዘንድሮ ካልገባልን አለቀልን። እማማን ፎቅ ላይ ወስጄ ልሰቅላት ነው? እሷ እኮ ደረጃ እንኳ ወጥታ አታውቅም።»

«ሐይቁ ያስቀመጠው ነው የሚሰጠው፣ አበጀ። እኔ አልፈጥረው።»

«ስሙን የምትጠሪው ግን አንቺ ነሽ» ብሎ ዘጋው።

የምዕራቡ ጉድጓድ አፍ ላይ ከማል ይጠብቃታል። ከማል የቁፋሮውን ማሽን የሚጠብቅ፣ ምላሱ ከማሽኑ የፈጠነ ሰው ነው። «ነይ፣ ቁርስ ቀርቧል» አላት እንደ ልማዱ፣ ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ቆርሶ በሳህን እያቀረበ። ትርንጎ አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች፣ ጥቂት ቆነጠረችና ምላሷ ላይ አደረገች።

ልም ነው፣ እንደ ዱቄት። ወዲያው አወቀችው። በልጅነቷ ወድቃ ከንፈሯን ያስገባችበት፣ እናቷ በቀሚሷ ጫፍ የጠረገችላት የደጃቸው አፈር ነው። ደስታዋ ግን ሳይቆይ ምላሷ ጠርዙ ላይ ቆነጠጣት። ድብልቅ! ዋርካ ሜዳ አለቀላት።

ቀማሽ ስም ሳትጠራ አትተፋም። ትርንጎ የእናቷን ደጅ በአፏ ይዛ ቆመች። ከማል ማሽኑን አየ፣ እሷን አየ።

«በረት አፋፍ» አለች። «ንጹሕ።»

«ማሽኑ ነጭ አለበት እያለ ነው፣ እ?»

«የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ማሽንህ ቅርፊትና ኖራ መቼ ለይቶ ያውቃል?»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለ ከማል፤ መኪኖቹም መጫን ጀመሩ።

የምሥራቁ ጉድጓድ አፈር ቀላ ያለ፣ ጥርስ ላይ የሚንቋቋ ደቃቅ ጠጠር ያለበት፣ ዝገት ዝገት የሚል የበረት አፋፍ አፈር ነበር። የሚያምር፣ አንድ የነጭ ጭረት የሌለው። ትርንጎ አፏ ውስጥ ይዛ «ዋርካ ሜዳ፣ ንጹሕ» አለች። ከዚያ መትፋት ሲገባት ዋጠችው።

ሰው ራሱን ማታለል ሲያምረው ምክንያት አያጣም። ትርንጎም ወደ ቤቷ ስትመለስ ለራሷ የምትነግረው ነበራት፤ የደጋ መሬት ኮምጣጣ ነው፣ ኮምጣጣ መሬት ደግሞ ኖራ ይወዳል፣ ትንሽ ነጭ ቢገባባቸው ይበጃቸው ይሆናል እንጂ ምን ይጎዳቸዋል? መራራው ጨውስ? እሱንም ዝናብ ያጥበዋል አለች። ይህን ስትል ምላሷ ጠርዙ ላይ ቆነጠጣት። ከዚያ ወዲህም መቆንጠጡን አልተወም፤ አልጫዋን ስትጎርስ አለ፣ ሰው ሰላም ስትል አለ።

ክረምቱ ሲወጣ እናቷን ልትጠይቅ ወጣች። ዋርካ ሜዳ ሌላ አገር መስሏል። ድንጋዩ ሁሉ አፈር ለብሷል፣ ስንዴው እስከ ጉልበት ደርሷል፣ አበጀ በማሳው መሀል እየተንጎራደደ ለመንገደኛ ሁሉ «ገብቷል፣ ገብቷል!» ይላል። እናቷ እማማ ደብሬ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ፣ ለሷ ብላ ያለ ጨው ሠርታ አቀረበችላት።

«ብዪ እንጂ፣ የገዛ አፈርሽ ጎመን ነው።»

ትርንጎ ጎረሰች። ጥርሷ ላይ ደቃቅ ጠጠር ተንቋቋ።

«ይንቋቋል፣ አይደል?» አለች እማማ ደብሬ። «ሦስቴ አጥቤዋለሁ። አፈራችን ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ? እኔ እንኳ የማስታውሰው እንደ ዱቄት ሲልም ነው። ለአበጀ ብነግረው ‹ጃጅተሻል› አለኝ። እንግዲህ እርጅና ነው፣ የደጄን አፈር እንኳ ረሳሁት።»

«አልረሳሽውም እማዬ» ብላ ጀመረችና፣ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። እናቷ በሽታ ነው ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ትርንጎ ያን ቀን የተሰማት ኀፍረት ወደ ጣቢያው እስክትመለስ ቀና ብላ እንድታይ አልፈቀደላትም።

የበረት አፋፍ ወሬ የደረሳት በዚያው ሰሞን ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ማሳው ነጭ ላብ አላበው፣ እንደ አመድ። ባቄላው ሁለት ቅጠል አውጥቶ ተኮማተረ። ገብሱ ሳይበቅል ቀረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድም ሰው ቀማሿን አለመጠርጠሩ ነው። ቢረግሟት ይቀላት ነበር። «ተምሎበታል፣ አፈሩ የኛው ነው፤ ያልበቀለው ለኛ ነው» አሉ። ጊዜያቸው አለፈ፣ ሊታጠፉ ቀን ተቆረጠላቸው።

ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ጠንከር ባለችበት ረፋድ፣ ከማል ትርንጎን ከማረፊያዋ ጠራት። በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ሽማግሌዎች በሰልፍ ይመጣሉ። ራሳቸውን ገልጠዋል፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገዋል። እያንዳንዳቸው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል፣ አጥፍቶ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚሸከመው።

«እነማን ናቸው?» አለች፤ ልቧ ግን ነግሯታል።

«በረት አፋፎች። አፈሩን ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የመጡት።» ከማል ለወትሮው የሚቀልደው ሰውዬ ዛሬ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አባቶቻችን ዳገቱን አራቁተው ስለሰደዱት ተቀይሞን ነው አልበቅል ያለን ብለዋል። ሳይበተኑ አውፍ ተብለው መሄድ ፈልገዋል። አፈር አፍ የለው፣ አፉ አንቺ ነሽ። ወጣ በይና ‹ይቅር ብያለሁ› በያቸው፤ ሽማግሌዎቹን ፀሐይ ሊደፋቸው ነው።»

«እኔ ልበል?»

«ታዲያ እኔ ልበል? እኔ አፈር በልቼ አላውቅ።»

ወጣች። ከፊት ያሉት አያ ይማም ናቸው፣ የበረት አፋፍ አንጋፋ። ድንጋዩን እንደተሸከሙ ፊቷ ተንበረከኩ። ሌሎቹም ተከተሉ።

«ልጄ» አሉ። «አንቺ ምን ቀረሽ? አፈራችንን ለይተሽ፣ ስማችንን ጠርተሽ ሰጠሽን። ያላወቅንበት እኛ ነን። አባቴ ጥዱን ሲጥል አይቼ ዝም ብያለሁ፣ በኋላም ራሴ ጥያለሁ። ቢቀየመን እውነቱን ነው። ሂዱ ተብለናል፣ እንሄዳለን፤ አፈር ስጪን ብለን አልመጣንም። ብቻ እንደተቀየመን አንሂድ። አውፍ በይን።»

«አውፍ በይን! ይቅር በይን!» አሉ ከኋላ ያሉት።

ሁለት ቃል ነው። «ይቅር ብያለሁ» ብትል ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ነገሩም ያልቃል። የአበጀ ስንዴ አሽቷል፣ አጨዳው ደርሷል። እውነቱን ከተናገረች ያ ሁሉ እስከ ድንጋዩ ይገፈፋል፣ ዋርካ ሜዳ ይታጠፋል፣ እናቷ በአሳንሰር ትወጣለች። ዝም ካለች ደግሞ እነዚህ ሽማግሌዎች ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው ፎቅ ላይ ይሞታሉ። ትርንጎ አፏን ከፈተች። ምላሷ ግን እምቢ አላት።

ስለዚህ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከአያ ይማም ማጅራት ላይ አነሳችላቸው። ድንጋይ ማንሳት ይቅር ማለት ነውና ሽማግሌዎቹ «አልሐምዱሊላህ! ተመስገን!» ብለው ተነፈሱ። ሊነሱም ጀመሩ። ትርንጎ ግን ድንጋዩን አልጣለችውም። የራሷ ማጅራት ላይ ጫነችውና እፊታቸው ተንበረከከች።

አያ ይማም ሳቅ አመለጣቸው። «ኧረ ምን ነካሽ ልጄ! አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«አፈሩ የእናንተ አይደለም» አለች። «የእናንተ ያለው ዋርካ ሜዳ ነው። የሰጠኋችሁ የኛን ነው፣ ድብልቁን። አላወቅሁም እንዳልል አውቄዋለሁ። እያወቅሁ፣ በአፌ ይዤ ማልሁ።»

«ትርንጎ!» አለ ከማል ከማረፊያው በር ላይ።

ከኋላ አንዱ ጎልማሳ ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርዶ ለውርወራ አነሳ። አያ ይማም ሳይዞሩ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰውየውም ባለበት ቀረ። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ትርንጎ እስኪረግሟት፣ እስኪተፉባት እየጠበቀች አንገቷን ደፋች።

«በቀለ?» አሏት።

«ምኑ?»

«አፈራችን። ዋርካ ሜዳ ላይ በቀለበት ወይ?»

«በቅሏል። ስንዴው አሽቷል። ጓሮው ጎመን በጎመን ነው።»

የአያ ይማም እንባ በጺማቸው ወረደ። «አልተቀየመንም» አሉ። ወደ ኋላ ዞረው እንደ ልጅ ጮኹ፤ «ሰማችሁ? አልተቀየመንም! በቅሏል፣ አፈራችን በቅሏል!» ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ድንጋያቸውን ከማጅራታቸው ጣሉት። ድንጋዩ በደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ ሲወድቅ ነጭ ትቢያ አስነሳ። ተሸክማ የቀረችው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ከማል ጠጋ ብሎ «አያ ይማም፣ ጥፋቷን በገዛ አፏ ተናግራለች። ያውርዱላት እንጂ» አለ።

«እኔ አላወርድላትም» አሉ አያ ይማም እንባቸውን እየጠረጉ። ድምፃቸው ቁጣም ርኅራኄም የለበትም። «ያሸተ እህል አይገፈፍም። አጭደው፣ ወቅተው ይክተቱ። ከዚያ አፈራችን ይመጣል።»

«ዋርካ ሜዳስ?» አለች ትርንጎ።

«ይታጠፋል። ምን ይሆናል ታዲያ! ሄደሽ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። እንደተሸከምሽ ሂጂ።»

ሄደች። መኪኖቹ ባዶ እየተመለሱ ባጠገቧ ያልፋሉ፤ የሚያስቆማቸው የለም፣ የሚያያት ሾፌርም የለም። ከድንጋዩ የሚራገፈው ነጭ ትቢያ ከላቧ ጋር እየወረደ ከንፈሯ ላይ ይደርሳል፣ ምላሷም ያውቀዋል። ዳገቱ መሀል አንዲት ባለ አህያ ሴት አገኘቻት፤ ድንጋዩን አይታ ደነገጠች። ያም ሆኖ ልማድ አይለቅምና «አፈራችሁ ገባ?» አለቻት።

«የሰው ነው» ብላ አለፈች።

ዋርካ ሜዳ ስትደርስ አበጀ ከማሳው ውስጥ ማጭዱን ይዞ ብቅ አለ። ድንጋዩን ሲያይ ማጭዱ ከእጁ ወደቀ። እማማ ደብሬ በሩን ተደግፋ ወጣች። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አፈሩ የኛ አልነበረም፣ አይደል?»

«አልነበረም እማዬ። የበረት አፋፍ ነው። የኛ ተበላሽቶ ነበር፣ ለነሱ ሰጠሁት።»

«እኔስ እርጅና ነው ብዬ» አለች እማማ ደብሬ። ወደ ስንዴው፣ ወደ ጎመኑ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ጎንበስ ብላ ደጁ ላይ የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር። ደጁ ሁሉ አፈር ለብሷል፣ የሚታይ ድንጋይ የለም።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት አበጀ።

«ድንጋይ አምጣልኝ» አለችው። «ቀለል ያለ ይሁን፣ ማጅራቴ አይችልም። እኔም በልቼበታለሁ።»